ከሁሉ በፊት ማን ይነሣ?



ሰንጋ ተራ ቆሞ ቀና ላለ ሰው፣ የካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ከ200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። በአካባቢው ደግሞ የግል ባንኮችና የመድን ድርጅቶች ፎቆች ተደርድረዋል። እንዲህ ባለ መሥሪያ ቤት የሰርቨር ክፍል ገብታችሁ ብትቆጥሩ ብረቱ ጥቂት ነው፤ በብረቱ ላይ የሚሠሩት ማሽኖች ግን ብዙ ናቸው። አንዱ ሰርቨር በርካታ ቨርቹዋል ማሽኖችን ተሸክሞ ያድራል። አንደኛው ዳታቤዙን ይይዛል፣ ሌላው የሞባይል ባንኪንጉን፣ ሌላው የኤቲኤሙን መስመር።

እነዚህ ማሽኖች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ዲስክ፣ የራሳቸው ኔትወርክ ካርድ፣ የራሳቸው ሰዓት እንዳላቸው ያምናሉ። ዲስኩም ካርዱም ሰዓቱም ግን ኮድ ነው። ማሽኑ «ካርድ ሆይ፣ ይህን ፓኬት ላክ» ብሎ ሬጂስተር ላይ ሲጽፍ፣ ከበስተጀርባ አንድ ፕሮግራም ጽሑፉን ተቀብሎ እውነተኛ ካርድ የሚያደርገውን እያስመሰለ ይሠራል። ዛሬ የምናገረው ስለዚያ ፕሮግራም ነው፤ በተለይም ሲነሣ ምን ከምን መቅደም እንዳለበት። የምሟገትለት ሐሳብ አንድ ነው። የቅደም ተከተል ስሕተት መስመር ከላይ ወደ ታች በማቀያየር አይድንም። መሣሪያው በየደረጃው ምን ዝግጁ እንደሆነ መደንገግ አለበት፤ ኮዱም ድንጋጌውን ራሱ ማስከበር አለበት።

ይህን እዚህ ሰፈር ለምን አነሣዋለሁ? መጋቢት 2016 ዓ.ም. ለ7 አጥቢያ የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። የንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው ገንዘብ በላይ ማውጣት መቻላቸው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሌሊቱን ተሰማ፤ ባንኩ አገልግሎቱን ለሰዓታት ለማቆም ተገደደ። ባንኩ በኋላ እንደገለጸው ነገሩ ከሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ እንጂ የሳይበር ጥቃት አልነበረም። ያ የሆነው በባንክ ሶፍትዌር ደረጃ ነው፤ እኔ የማወራው ከዚያ በብዙ ንብርብር ዝቅ ብሎ ስላለው ኮድ ነው። ግንኙነቱ ይህ ነው፤ ሲስተም በጣም የሚጋለጠው ሁኔታውን በሚለውጥባት ሰዓት ነው። ሲነሣ፣ ሲታደስ፣ ሲዛወር። በሙሉ ልብ እየሠራ ሳለ ዓመት የማያሳየንን ስሕተት በነዚያ ቅጽበቶች ያሳየናል።

በእኛ አገር ደግሞ እነዚያ ቅጽበቶች ይበዛሉ። መብራት ይጠፋል፣ ጄኔሬተር ይነሣል፣ ባትሪው ያልቃል፣ ሁሉም ማሽኖች በአንድ ጊዜ ይነሣሉ። በአንድ ጊዜ ሲነሡ በዲስኩ ላይ ይሻማሉ፤ ሲሻሙ ሰዓታቸው ይዛባል። ሌላ ጊዜ አንደኛ የሚደርሰው ዛሬ ሦስተኛ ይደርሳል። በላቦራቶሪ አንድም ቀን ያልታየ ባግ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ኮዱ እንግባ። ምሳሌዬን የምወስደው ከኪውኢሙ ነው። ፋብሪስ ቤላርድ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው ይህ ፕሮግራም ዛሬ ከሊኑክስ ኬቪኤም ጋር ተጣምሮ የዓለምን የክላውድ አገልግሎት ትልቅ ክፍል ተሸክሟል። ኬቪኤም ሊኑክስ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 በ2.6.20 እትም ነው። ኬቪኤም ፕሮሰሰሩንና ሜሞሪውን ያስተዳድራል፤ መሣሪያዎቹን የሚያስመስለው ኪውኢሙ ነው። ብሮድኮም የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር አቅራቢውን ቪኤምዌርን እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ጠቅልሎ ከገዛና የፈቃድ ሽያጩን አሠራር ከለወጠ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ብዙ ተቋማት ዓይናቸውን ወደ ፕሮክስሞክስ አዙረዋል፤ ፕሮክስሞክስ ደግሞ ውስጡ ኪውኢሙና ኬቪኤም ነው። ፈቃድ በዶላር ለሚከፍል አገር ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የምንሸጋገርበትን ኮድ ውስጡን ብናውቀው ይበጀናል።

በኪውኢሙ አንድ መሣሪያ የሚወለደው በሁለት ደረጃ ነው። የመጀመሪያው ኢንስታንስ ኢኒት ይባላል፤ ዕቃው በሜሞሪ ውስጥ ይፈጠራል፣ ባሕርያቱ የመነሻ ዋጋቸውን ይይዛሉ። በዚህ ደረጃ ተጠቃሚው «ይህን ፋይል ዲስክ አድርግልኝ፣ ይህን አድራሻ ስጠኝ» ብሎ ያዘዘው ገና አልደረሰም። ሁለተኛው ሪያላይዝ ነው፤ ትእዛዙ ሁሉ ተሰብስቦ መሣሪያው ከማሽኑ ጋር የሚገናኝበት። ሁለተኛው ሊከሽፍ ይችላል፤ «የተባለው ፋይል የለም» ብሎ ስሕተት መመለስ ይችላል። የመጀመሪያው ግን መክሸፍ አይፈቀድለትም። ከዕቃው ውጭ ያለ ነገርንም መንካት የለበትም።

ይህ የመጨረሻው ክልከላ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። ኪውኢሙ «ይህ መሣሪያ ምን ምን ባሕርያት አሉት?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ለመመለስ ሲል መሣሪያውን በመጀመሪያው ደረጃ ይፈጥረዋል፣ ባሕርያቱን ያነብባል፣ ከዚያ ያፈርሰዋል። ሪያላይዝ ሳይነካው ኖሮ ሳይነካው ይሞታል። ታዲያ አንዳንድ መሣሪያዎች በዚያ ደረጃ ከማሽኑ ጋር የሚያያይዛቸውን ሥራ ይሠሩ ስለነበር፣ ስለ ባሕርያቱ መጠየቅ ብቻ የሚሠራውን ማሽን ይዞት ይወድቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ይህ ተስተካከለ። እዚህ ላይ የምወድደው አስተካካዮቹ ባጉን አርመው አለመቆማቸውን ነው። እያንዳንዱን መሣሪያ ተራ በተራ የሚፈጥርና የሚጠይቅ፣ ከዚያም የሚያፈርስ ቴስት አብረው ጻፉ። ከዚያ ወዲህ አዲስ መሣሪያ የሚጽፍ ሰው ደንቡን ባያውቀው እንኳ ቴስቱ ያሳውቀዋል።

አሁን ወደ ከበደው እንሂድ። ሪያላይዝ ውስጥ ያለው ቅደም ተከተል ራሱ። አንድ ፕሮግራመር የኔትወርክ ካርድ ያስመስላል እንበል። በመጀመሪያ ታይመር ይፈጥርና ያስጀምረዋል፤ ቀጥሎ ማሽኑ ዳግም ሲነሣ የሚጠራውን ተግባር ያስመዘግባል፤ በመጨረሻ ከውጭ የሚያገናኘውን መስመር ይከፍታል። መስመሩ ተከፈተ እንበል፤ ሁሉም መልካም ነው፣ ኮዱ ዓመት ይሠራል። አንድ ቀን መስመሩ አልከፈት አለ። ሪያላይዝ ስሕተት መልሶ ይወጣል፣ ዕቃው ከሜሞሪ ይሰረዛል። ታይመሩ ግን በኪውኢሙ የታይመሮች ዝርዝር ውስጥ አለ። ከጥቂት ሚሊሰከንድ በኋላ ሰዓቱ ሲደርስ፣ በሌለ ዕቃ ላይ ሊጽፍ ይሄዳል። ፕሮግራሙ ይወድቃል፤ ወይም ይባስ ብሎ አይወድቅም፣ ለሌላ ሥራ የተሰጠ ሜሞሪ ላይ ይጽፋል። የዳግም ማስነሻው ተግባር ደግሞ አድፍጦ ቆይቶ ማሽኑ ሪሴት በተደረገበት ቀን ይፈነዳል። በዚያ ቀን ምክንያቱን ከሳምንት በፊት ከከሸፈ አንድ ትእዛዝ ጋር የሚያገናኝ ማን ነው?

ብዙዎች እንዲህ ያለውን ባግ ሲያዩ «መሣሪያው አለ ወይ?» የሚል አንድ መጠይቅ በታይመሩ ተግባር ውስጥ ይጨምራሉ። ያ አይበቃም። የተሰረዘ ዕቃ ፖይንተሩ ባዶ አይሆንም፤ ጤነኛ መስሎ ይቆያል። ትክክለኛው ጥገና ሦስት ነገር ይፈልጋል። ሊከሽፍ የሚችለው ሥራ በሙሉ ወደ ፊት ይምጣ፤ ትእዛዙ ትክክል ነው ወይ፣ ፋይሉ ይከፈታል ወይ፣ ሜሞሪው ይበቃል ወይ፣ ይህ ሁሉ ማንም ሳያየን ይጣራ። ለሌላው ዓለም የሚያሳየን ሥራ፣ ማለትም በዝርዝር መመዝገብ፣ አድራሻ መያዝ፣ ታይመር ማስጀመር፣ መጨረሻ ላይ ይሁን። በመሐል ከከሸፈም እስከዚያ የሠራነውን ከኋላ ወደ ፊት እያፈረስን እንውጣ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አዲስ ቤት ሲሠራ ሽቦውን ሁሉ አስሮና ሸፍኖ ነው ቆጣሪውን የሚያበራው፤ ሲያፈርስ ደግሞ ከቆጣሪው ይጀምራል። ማንም ይህን ገልብጦ አይሠራም፣ ምክንያቱም ገልብጦ የሠራ ሰው ይሞታል። ኮድ ጸሐፊን ስሕተቱ ወዲያው አይገድለውም፤ ለዚህ ነው ልማዱን ሆን ብሎ መማር ያለበት።

እዚህ ላይ አንድ ጠያቂ «ማሽኑ እየሠራ ሳለ መሣሪያ ሲሰካስ፣ ፕሮሰሰሩ ግማሽ የተሠራውን ካርድ አይነካውም?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በኪውኢሙ ውስጥ አንድ ትልቅ መቆለፊያ አለ፤ መሣሪያ የሚሰካው እሱን ይዞ ነው፣ ፕሮሰሰሩም የመሣሪያ ሬጂስተር ሲነካ በአብዛኛው እሱን መያዝ አለበት። ስለዚህ መቆለፊያው ብዙ የቅደም ተከተል ኃጢአት ይሸፍናል። ግን ለፍጥነት ሲባል ሥራዎች ከዚህ መቆለፊያ ውጭ ወዳሉ ክሮች (ትሬዶች) ተወስደዋል፤ ወደፊትም ይወሰዳሉ። መቆለፊያው በተነሣ ቁጥር ተሸፍኖ የኖረው ሁሉ ይገለጣል። «እስካሁን ሠርቷል» የሚለው ክርክር በዚህ ሙያ ውስጥ ዋጋ የለውም የምለው ለዚህ ነው።

ይህን የሚያስረዳ ከልቤ የማደንቀው ታሪክ አለ፤ ጥቂት ልቆይበት። ቨርቲዮ የሚባለውን ታውቃላችሁ። ረስቲ ራስል ለሊኑክስ የጀመረው፣ ኋላም ኦኤሲስ የተባለው ድርጅት ደረጃ አድርጎ ያወጣው፣ በቨርቹዋል ማሽንና በተመሰለው መሣሪያ መካከል ያለው የመነጋገሪያ ሕግ ነው። ሕጉ አነሣሡን በደረጃ ደንግጎታል። ድራይቨሩ መሣሪያውን ሪሴት ያደርጋል፤ «አይቼሃለሁ» ይላል፤ «ላንተ የሚሆን ድራይቨር ነኝ» ይላል፤ የሚችሉትን ነገር ይደራደራሉ፤ ድርድሩ መጽደቁን መልሶ ያነብባል፤ ወረፋዎቹን ያሰናዳል፤ በመጨረሻ ድራይቨር ኦኬ የሚባለውን ምልክት ይጽፋል። ከዚያች ምልክት በፊት ወረፋው ሥራ ላይ መዋል የለበትም።

የሊኑክስ የኔትወርክ ድራይቨር ግን ይህን ለዓመታት ይጥስ ነበር። ምልክቷ የምትጻፈው የድራይቨሩ የማስተዋወቂያ ተግባር ተጠናቅቆ ከተመለሰ በኋላ ነው፤ ድራይቨሩ ግን እዚያው ተግባር ውስጥ ሳለ የመቀበያ ወረፋውን ይሞላ ነበር። አብዛኛው መሣሪያ ታጋሽ ስለሆነ ማንም አልተጎዳም። ሕጉን ቃል በቃል የሚከተል መሣሪያ ቢመጣ ግን ከምልክቷ በፊት የመጣን ጥሪ ችላ የማለት መብት ነበረው፤ ጥሪው ጠፍቶ ካርዱ ዝም ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ማይክል ጽርኪን ይህን አስተካከለ፤ ድራይቨሩ ምልክቷን ራሱ ቀደም ብሎ እንዲጽፍ የሚያስችል ተግባር ጨመረ። ጥገናው በሊኑክስ 3.18 ወጣ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ምልክቷ የምትጻፈው ካርዱ ለሲስተሙ ከተመዘገበ በኋላ ነበር። ካርድ በተመዘገበባት ቅጽበት ደግሞ ሌላ ፕሮግራም ሊከፍተው ይችላል። በምዝገባውና በምልክቷ መካከል አንዲት ጠባብ ክፍተት ቀረች። እ.ኤ.አ. በ2022 ጄሰን ዋንግ ያችን ክፍተት ዘጋት። እንዴት? መስመሮቹን እንደገና አላቀያየረም። ካርድ ለመክፈት የሚያስፈልገውን መቆለፊያ ድራይቨሩ አስቀድሞ እንዲይዝ አደረገ፤ ምዝገባውም ምልክቷም በዚያ መቆለፊያ ውስጥ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ማንም ቢፈጥን፣ ምልክቷ ሳትጻፍ ካርዱን መክፈት አይችልም።

በሁለቱ ጥገናዎች መካከል ስምንት ዓመት አለፈ። የመጀመሪያው ቅደም ተከተሉን አሻሻለ፤ የመጀመሪያው ባይኖር ሁለተኛውም አይታሰብም ነበር። ሁለተኛው ግን ቅደም ተከተሉን የማይጣስ አደረገው። በመነሻዬ ላይ የምሟገትለት ሐሳብ ያልኳችሁ ልዩነት ይህ ነው። እንዲህ ያለ ጥገና በጣም አጭር ነው፤ ውስጡ ግን ብዙ ማሰብ አለበት።

ተመሳሳይ ነገር በሌሎች ቦታዎችም ታዩታላችሁ። ማሽን ሳይጠፋ ከአንድ ሰርቨር ወደ ሌላ ሲዛወር የእያንዳንዱ መሣሪያ ሁኔታ በመድረሻው ላይ ይጫናል። የመሣሪያዎችን አድራሻ የሚተረጉመው አይኦኤምኤምዩ ከሌሎቹ በኋላ ቢጫን፣ የኔትወርክ ካርዱ ገና ያልተዘረጋ ካርታ ይዞ አድራሻ ይፈልጋል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2017 በኪውኢሙ የመጫኛ ቅድሚያ ተደነገገ፤ ፒተር ሹ ባቀረበው ማሻሻያ እያንዳንዱ መሣሪያ ቅድሚያውን ማወጅ ቻለ፣ አይኦኤምኤምዩው ይቀድማል።

ሪሴትም እንዲሁ ነበር። ድሮ የየመሣሪያው የሪሴት ተግባር ተራ በተራ ይጠራ ነበር። አንዱ ራሱን ሲያጸዳ ለሌላው የኢንተራፕት መስመር ምልክት ይልካል፤ ያኛው ጸድቶ ከሆነ እንደገና ይቆሽሻል፣ ካልጸዳ ምልክቱ ይጠፋል። ውጤቱ ቀድሞ በተጠራው ይወሰናል። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው 5.0 እትም ሪሴት በሦስት ተከፈለ። በመጀመሪያው ሁሉም የየራሱን ውስጥ ብቻ ያጸዳል፣ ጎረቤቱን አይነካም። ሁሉም ሲጨርሱ በሁለተኛው መስመሮቻቸውን ያስተካክላሉ። በሦስተኛው ወደ ሥራ ይወጣሉ። በአንዱ ደረጃ ውስጥ ማን ቀደመ ማን ዘገየ የሚለው ጥያቄ ክብደቱን አጣ። ለእኔ ከሁሉ የላቀው ጥገና ይህ ዓይነቱ ነው።

አሁን ወደ እኛ ሰርቨር ክፍል። ሌሊት ስልክ ይደወላል፣ አንድ ማሽን ኔትወርኩ ዝም ብሏል። ባለሙያው ዳግም ያስነሣዋል፣ ይሠራል፣ «ተፈትቷል» ተብሎ ይመዘገባል። አልነቅፈውም፤ ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል፣ አገልግሎት መመለስ ግዴታው ነው። ግን ዳግም ማስነሣት አገልግሎቱን ሲመልስ ማስረጃውን ያጠፋል። የቅደም ተከተል ባግ ደግሞ በሁለተኛው ሙከራ ላይ መጥፋት ልማዱ ነው፤ ሰዓቱ ትንሽ ስለተለወጠ ብቻ። ስለዚህ ሥራ አስኪያጆች እዚህ ካላችሁ እለምናችኋለሁ፦ ባለሙያው ከማስነሣቱ በፊት የማሽኑን ሁኔታ የሚቀርጽበት ጥቂት ደቂቃ ይሰጠው። የኪውኢሙ ትእዛዝ መስመሩ፣ ሎጉ፣ ፕሮግራሙ ከወደቀም የኮር ፋይሉ፣ ማሽኑ እየሠራ ሳለ የተሰኩና የተነቀሉ መሣሪያዎች ከነሰዓታቸው ይቀመጡ። እነዚህ ካሉ ሰኞ ጠዋት ተቀምጦ ማሰብ ይቻላል።

ሌላው ልማድ ማስጠበቅ ነው። «ዳታቤዙ ካልተነሣ አፕሊኬሽኑ ይወድቃል፤ እንግዲህ ሠላሳ ሰከንድ ይጠብቅ» ይባላል። ሠላሳው መብራት ከመጣ በኋላ ሁሉም ሲሻሙ አይበቃም፤ ስልሳ ይደረጋል፤ ከዚያ ዘጠና። ሰከንድ መቁጠር ዝግጁነትን አይነግረንም። መጠየቅ ያለብን ዳታቤዙን ራሱን ነው፤ «ጥያቄ ትቀበላለህ?» ብለን፣ «አዎ» ሲል እንቀጥል። የቨርቲዮ ሕግ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ተማሪዎች፣ ለእናንተ ሥራ ይዤ መጥቻለሁ። የኪውኢሙ ኮድ ክፍት ነው፤ ማውረድ፣ ማንበብ፣ ማሻሻያ መላክ ማንንም ፈቃድ አያስጠይቅም። በውስጡ ኢዲዩ የምትባል አንዲት ትንሽ መሣሪያ አለች፤ በቼክ ሪፐብሊክ ማሳሪክ ዩኒቨርሲቲ ለድራይቨር ትምህርት የተጻፈች። ቁጥር ትሰጧታላችሁ፣ ፋክቶሪያሉን በራሷ ክር ላይ አስልታ ትመልሳለች። ፋይሏ በአንድ ምሽት ይነበባል። የሪያላይዝ ተግባሯን ክፈቱ። ታይመሩ ይዘጋጃል፣ መቆለፊያው ይዘጋጃል፣ የመቀስቀሻ ምልክቱ ይዘጋጃል፣ ከዚያ ክሩ ይነሣል፤ የሬጂስተሮቹ አድራሻ ለማሽኑ የሚሰጠው ከሁሉ በኋላ ነው። የማፍረሻ ተግባሯን ደግሞ ጎን ለጎን አስቀምጡት፤ በመጀመሪያ ክሩን ታስቆማለች፣ እስኪጨርስ ትጠብቀዋለች፣ መቆለፊያውን የምታፈርሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚያ ሆን ብላችሁ አበላሹት። ክሩ ከመቆለፊያው በፊት እንዲነሣ አድርጉና የሜሞሪና የክሮች ስሕተት የሚያጋልጡትን አድሬስ ሳኒታይዘርንና ትሬድ ሳኒታይዘርን በየተራ አብርታችሁ ደጋግማችሁ አስነሡት። በአንዳንዱ ማሽን ምንም አይሆንም፤ ፕሮሰሰሩን በሌላ ሥራ አጨናንቃችሁ ሞክሩ። በማፍረሻው በኩል የማስቆሚያውን መስመር አጥፉና መሣሪያዋን እየሰካችሁ እየነቀላችሁ ተመልከቱ። እያንዳንዱ ለውጥ ምን እንዳሳያችሁና ለምን እንደሆነ በአማርኛ ጻፉት፤ በሚቀጥለው ስብሰባችን በመጀመሪያ የምናነበው የእናንተን ጽሑፍ ነው። ፋይሉን ዛሬ ማግኘት የምትፈልጉ ፍላሽ ይዤላችሁ መጥቻለሁ፤ ከመውጣታችሁ በፊት እዚህ ጠረጴዛ ላይ ውሰዱ።